ሲጂ 125ን ካፌ ሬሰር ማድረግ፦ ግራይንደሩን ከማንሳትህ በፊት

የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «አቦ ሰላም ነው? ድሬ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። አባቴ ይነዳት የነበረች አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 አለችኝ፣ ኢንጂኗ ደህና ይሠራል። ካፌ ሬሰር ላደርጋት ነው። የሻንሲዋን ጭራ በግራይንደር አሳጥሬ፣ መሪዋን ዝቅ አድርጌ፣ የአየር ማጣሪያ ሳጥኑን አውጥቼ ሾጣጣውን ፊልተር ልገጥም፣ በማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ፈንታ አጭር ቱቦ አስበይጄ ያንን ቡናማ ጨርቅ ልጠቀልልበት አስቤያለሁ። ፍጥነት ትጨምራለች አይደል? ጓደኛዬ ደግሞ ስክራምብለር አድርጋት ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረር እወጣባታለሁ፣ አንዳንዴ እህቴን አፈናጥጣለሁ። የቱ ይሻለኛል?»

ፍጥነት አትጨምርም። ይሄ መጀመሪያ ይጥራ። የዘረዘርከውን ሁሉ አሠርተህ ስትጨርስ ብትቀንስ እንጂ አትጨምርም። ሲጂ 125 ሆንዳ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረታት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 124 ሲሲ ሞተር ናት። ስትሠራ የታሰበው አቧራ፣ ጭነትና ዘግይቶ የሚቀየር ዘይት ነው። ቫልቮቿን የሚከፍተው ከላይ የተቀመጠ ካምሻፍት ሳይሆን ከታች የሚገፋ ዘንግ ነው። ዕድሜዋ የሚረዝመው ለዚህ ነው፣ የማትሮጠውም ለዚሁ ነው። አዲስ ሆና ጉልበቷ 11 ፈረስ ገደማ ነው፣ እሱም በባሕር ጠለል ሲለካ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ኢንጂንም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐሮማያ ደግሞ 2,000 አካባቢ። ስለዚህ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐሮማያ ስትደርስ ከስርህ ያለው ቢበዛ 9 ፈረስ ነው፣ አዲስ ብትሆን እንኳ። ያንተዋ ደግሞ አዲስ አይደለችም።

ካፌ ሬሰር የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. የለንደን ጎረምሶች እንደ ኤስ ካፌ ባሉ የመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች እየተሰበሰቡ መንገዱ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ሕልማቸው በሰዓት 100 ማይል መድረስ ነበር፣ በእኛ 160 ኪሎ ሜትር። መሪውን ዝቅ ያደረጉት፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደኋላ የገፉት፣ ወንበሩን ለአንድ ሰው ያስቀሩት ለዚያ ነው። ትሪተን የሚሏት ዝነኛ ድቅላቸው የትራያምፍ ኢንጂን በኖርተን ሻንሲ ላይ የተገጠመባት ነበረች፣ ብዙዎቹ 500 ወይም 650 ሲሲ። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ደረትህን ይደግፍሃል፣ ክብደትህ ከእጅህ ላይ ይነሳል። በ40 እና በ50 ስትሄድ ግን የሚደግፍህ ነገር የለም። ሙሉ ክብደትህ የእጅ አንጓህ ላይ ይወድቃል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ መሃል ተሰክተህ አሥር ደቂቃ ብትቆይ ይገባሃል።

የምትሄድበትን መንገድ ደግሞ እናስብ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደንገጎ ላይ ኩርባው ኩርባ እየወለደ ነው የሚሄደው፣ አብዛኛውን በዝቅተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው። ጠባብ ኩርባን በዝግታ ስትዞር ሞተር የሚታዘዝህ በመሪው ስፋት ልክ ነው። ሰፊ መሪ ለእጅህ ጉልበት ይሰጠዋል፣ ጠባብና ዝቅ ያለ መሪ ይነሳዋል። ከላይ የጫት መኪና ሲወርድብህ፣ አወራረዳቸውን አንተው ታውቀዋለህ፣ ጠርዝ ለመያዝ የሚኖርህ ጊዜ ትንሽ ነው። አወዳይ ስትደርስ ደግሞ ገበያተኛው፣ ባጃጁ፣ ፍየሉ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። እዚያ ቀና ብሎ አርቆ ማየት እንጂ ሰልባቲዮ (የቤንዚን ታንክ) ላይ መተኛት አያዋጣም። እህትህን ስለማፈናጠጥም ጽፈሃል። የካፌ ሬሰር ወንበር የአንድ ሰው ነው። ከኋላው ያለችው ጉብታ ላይ ሰው አይቀመጥም፣ የሚቀመጥም ካለ እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም።

ወደ ግራይንደሩ እንምጣ፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ብዙ ልጆች የሻንሲው ጭራ ወንበር ብቻ የተሸከመ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሁለቱ የኋላ አሞርዛተሮች (ንዝረት የሚያበርዱት) የላይ ማሰሪያ ያለው እዚያው ቱቦ ላይ ነው። የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ኃይሉ በአሞርዛተሩ ወጥቶ የሚያርፈው በዚያ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ከማሰሪያው ወደፊት ምንም ነገር አይቆረጥም። ከማሰሪያው ወደኋላም ቢሆን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ማስቀረት አለብህ፣ ብየዳው ማሰሪያው ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር። ከብየዳ አጠገብ ያለ ብረት ስለሚሞቅ ባሕርዩ ይቀየራል፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቆርጠህ ሁለቱን ጫፎች ክፍት መተው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ፋብሪካው ሁለቱን ቱቦዎች ከኋላ ያገናኛቸው እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ብሎ ነው። ካነሳኸው በዩ ቅርጽ የታጠፈ ሌላ ቱቦ መተካት ግዴታ ነው።

ብየዳው እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው፣ አሠሪው አንተ ስለሆንክ ቆመህ ማየት አለብህ። ቶርኖ ቤት ሄደህ በሻንሲው ቱቦ ውስጥ ጠበብ ብሎ የሚገባ አጭር ቱቦ ታስወጣለህ። ግማሹ በሻንሲው፣ ግማሹ በአዲሱ ዩ ውስጥ ይገባል። የሁለቱም አፍ በሰያፍ ይሞረዳል፣ ብየዳው ላይ ላዩን እንዳይለጠፍ ወደ ውስጥ እንዲጠልቅ። ከመጋጠሚያው በሁለቱም ወገን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቀዳዳ ይበሳል፣ በቀዳዳው በኩልም የውስጡ ቱቦ ከውጪው ጋር ይበየዳል። ቀለምና ዝገቱ ነጩ ብረት እስኪታይ ይፈገፈጋል። በያጁ በርና መስኮት ብቻ የለመደ ከሆነ ወፍራም ኤሌክትሮድ ይዞ ይመጣና ቱቦውን ይበሳዋል፣ ከዚያ ቀዳዳውን በብየዳ ይደፍነውና በግራይንደር አለስልሶ ያስረክብሃል። ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ቀጭን ቱቦ የሚበይድ እጅ ያለው ሰው ፈልግ፣ ሚግ (ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን) ካለው ደግሞ የበለጠ ጥሩ። ድሬ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከገባ ጀምሮ ብረት የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም፣ ጠይቀህ ታገኛለህ።

ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ሰልባቲዮው ይወርድና ከግቢ ይወጣል። ባዶ ነው ብሎ ማመን የለም፣ ቤንዚን የተራገፈለት ሰልባቲዮ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከሙሉው የባሰ ይፈነዳል። የባትሪው ገመዶች ይነቀላሉ፣ ሞተሯ ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ያላት ከሆነች እሱም ይነቀላል። የብየዳው ኔጌቲቭ መቆንጠጫ የሚታሰረው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ነው። ጎማ ላይ ወይም ኢንጂን ላይ ከታሰረ ከረንቱ በኩሽኔቶቹ ውስጥ ያልፍና ይጎዳቸዋል።

የአየር ማጣሪያ ሳጥኑ አስቀያሚ ነው፣ እስማማለሁ። መሃሏ ባዶ ሆኖ ማዶ ሲታይ ሞተሯ ታምራለች። ግን ሳጥኑ ሥራ አለው። አየሩን ያጣራል፣ ያረጋጋል፣ ከኢንጂኑ ሙቀት ራቅ አድርጎ ይስባል። ገበያ የምታገኘው ርካሹ ሾጣጣ ፊልተር ግን የሚስበው ከሲሊንደሩ ጀርባ የሞቀውን አየር ነው፣ ወንፊቱም ሰፊ ነው። የድሬ አቧራ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ነፋስ ሲነሳ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከተማውን ያለብሰዋል። ያ አሸዋ ገብቶ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰማያዊ ጭስ ታያለህ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይር ትባላለህ።

ሌላው ነገር የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ነው። ሳጥኑ ሲወጣ የሚገባው አየር ይበዛል፣ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ግን ያው ነው። የሳሳ ድብልቅ ኢንጂኑን ከልክ በላይ ያሞቀዋል፣ ኢንጂኑ ደግሞ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ነው፣ ያውም በድሬ ሙቀት፣ ያውም በዝግታ ዳገት እየወጣ። ለማስተካከል ቤንዚኑን የሚመጥነውን ጂግለር በትልቅ ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። ድሬ ላይ ልክ ያደረግከው ድብልቅ ግን ሐሮማያ ስትደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ይወፍራል፣ ሞተሯ ትንተፋተፋለች። የፋብሪካው አገጣጠም ይህን ልዩነት ይችለዋል። በግምት የተገጠመው ይቸገራል።

ማርሚታውን በተመለከተ በየጋራዡ የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ «ማርሚታ ከወጣ ቫልቭ ይቃጠላል፣ ግፊት ስለማይኖር»። ትክክል አይደለም። ቫልቭ የሚያቃጥለው የግፊት ማነስ ሳይሆን ቅድም ያልኩት የሳሳ ድብልቅ ነው፣ ወይም ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ። አጭር ክፍት ቱቦ ግን ሌላ ነገር ይወስድብሃል። የቱቦው ርዝመት የጭሱን አወጣጥ የሚያግዘው በተወሰነ ዙር ላይ ነው። በጣም ካጠረ ታች ያለው ጉልበት ይጠፋል፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ የምትፈልገው ያንን ነው። ድምፁ ይጨምራል፣ ሰው የፈጠነ የሚመስለውም በድምፁ ነው። ድምፁን ብቻ ከፈለግህ ሙሉውን ቱቦ ሳትነካ ጫፉ ላይ ውስጠኛ ወንፊት ያለው አነስተኛ ማርሚታ አስገጥም። ቡናማውን ጨርቅ ተወው። ላብና ዝናብ ይይዛል፣ ከስሩ ያለው ተራ ብረት ይዝጋል፣ ስንጥቅ ቢኖር አታየውም። ለ125 ሲሲ የሚጨምረው ጉልበት የለም።

ምንም ቀይር ምንም፣ ድብልቁን የሚነግርህ ካንዴላው (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚረጨው) ነው። አዲስ ካንዴላ ግጠምና ደንገጎን ውጣ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ፣ ከኋላህ ማንም እንደሌለ አይተህ፣ ሙሉ ጋዝ እንደሰጠህ ፍሪሲዮኑን ያዝና በቁልፍ አጥፋት፣ ጠርዝ ያዝ። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍታ። የጫፉ ሸክላ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጭራሽ ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል፣ እንደዚያው አትንዳት። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ቀድተህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካርቡራቶሩን አጽዳ፣ ውሃና ቆሻሻው ሌላ በሽታ ያስመስልብሃል።

ጓደኛህ ስክራምብለር ማለቱ ልክ ነው፣ ግን ስለ ስክራምብለርም የተሳሳተ ነገር ይወራል። ስክራምብለር በሜዳና በጭቃ ከሚደረግ ውድድር የመጣ ስም ነው፣ ሆንዳ በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሲኤል 72 የዚህ ዓይነት ናት። እሷ ራሷ የአስፋልቷ ሲቢ 72 እህት ናት፦ ሰፊ መሪና ከፍ ብሎ በጎን የሚሄድ ጭስ ማውጫ ተሰጣት። ስለዚህ ያንተዋም ስክራምብለር ብትባል ከባቢሌ ወዲያ አሸዋ ውስጥ የምትዘል አትሆንም። ፒስታና ኮረኮንች ላይ የማትቸገር የመንገድ ሞተር ትሆናለች። በቂ ነው።

ከፍ ያለውን ጭስ ማውጫ አልመክርህም። ከጭንህ አጠገብ ያልፋል፣ የተፈናጠጠችውን ሰው እግር ያቃጥላል፣ መከላከያ ቢሠራለትም ረጅም ሱሪ ግዴታ ይሆናል። ጎማ ስትገዛ ጥርሱ የበዛውን የጭቃ ጎማ ተው። አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ ኩርባ ላይም ያንሸራትታል። ግማሽ አስፋልት ግማሽ ፒስታ የሚባለውን ውሰድ፣ በቸርኬህ ላይ አሁን ካለው አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰፋ። ከዚያ በላይ ከሰፋ ሰንሰለቱን ወይም ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ይነካል። የኋላ አሞርዛተር ረዘም ያለ መግጠም ትችላለህ፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አትለፍ፣ መሪው ይቀላል፣ ማቆሚያውም ያጥርብሃል። ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ላሜራ ካለህ ደግሞ እባክህ አታውጣው። ሁሉም መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው፣ የድሬ አቧራ ደግሞ ክፍት ሰንሰለት በአጭር ጊዜ ይበላል።

ጉልበት ካማረህ በርካሽ የሚገኘው ከኮሮናው (ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ባለ ጥርስ ብረት) ነው። የኋላውን ኮሮና በሁለት ወይም በሦስት ጥርስ አሳድገው። ሜዳ ላይ የመጨረሻ ፍጥነትህ ትንሽ ይቀንሳል፣ ደንገጎን ግን እህትህን አፈናጥጠህ ማርሽ ሳታወርድ የምትወጣበት ቦታ ይበዛል። ከሁሉም ለውጥ ልዩነቱ የሚሰማህ ይሄኛው ነው።

ፍሬን ላይ አትቆጥብ። ከበሮ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ተይዞ ሲቆይ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይደክማል፣ ከደንገጎ ወደ ድሬ መውረድ ደግሞ ረጅም ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን እየያዝክ እየለቀቅክ። ሸራውን ቀይር፣ ከበሮው ተቦርቡሮ ከሆነ ቶርኖ ላይ አስለስለው። የእግር ማሳረፊያውን ወደኋላ የሚገፋ ዕቃ በቤት ሠርተህ እንዳትገጥም፣ የፍሬኑ ዘንግ አቅጣጫ ይዛባል። ፍሬኑ በሚይዝበት ቅጽበት ዘንጉና ከከበሮው የሚወጣው ክንድ ዘጠና ዲግሪ አካባቢ ካልሠሩ የእግርህ ኃይል ይባክናል። ኤሌክትሪኩን በአጭሩ፦ ባትሪውን አታውጣ፣ አምፖሎቹ ይቃጠላሉ። የኤልኢዲ ፍሬቻ ከገጠምክ ብልጭ የሚያደርጋትን ትንሿን ዕቃም አብረህ ቀይር፣ አለበለዚያ ወይ ትፈጥናለች ወይ አትበራም።

ሊብሬውን አውጥተህ እየው። አሁንም በአባትህ ስም ከሆነ የስም ዝውውሩን አስቀድም። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ አይሞረድም፣ ወፍራም ቀለምም አይለብስም። ቀለም ወይም ቅርጽ ከመቀየርህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፣ ቦሎ ልትወስድ ሄደህ ከምትከራከር። ስቶፕ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ሁለት ስፖኪዮና በደንብ የሚታይ ታርጋ ይኖራሉ። ማታ ከሐረር ስትመለስ መንገድ ላይ ግመል ሊቆም ይችላል፣ ስለዚህ ለጌጥ ብለህ ትንሿን የፊት መብራት አትግጠም።

እኔ የምልህ ይህን ነው። ስክራምብለር አድርጋት፣ ሻንሲዋን ሳትቆርጥ። ገንዘብህን መጀመሪያ በፍሬን፣ በጎማና ከመነዳሪ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ)፣ በጎማና በመሪ አንገት ኩሽኔቶች፣ በሰንሰለትና ኮሮና ላይ አውጣ። ከተረፈህ ሰፊ መሪ፣ ከዚያ ወንበር። የባጃጅ መቀመጫ የሚሰፉት ልጆች ጥሩ አድርገው ይሠሩልሃል። ቀጥ ያለና አጠር ያለ፣ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ በላቸው፣ ስፖንጁ ጠንካራ ይሁን። ጥቁር ሌዘር ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅህም አስብ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሻላል። የፕላስቲክ ጎኖቿን በጠፍጣፋ ላሜራ ተካ፣ የአየር ሳጥኑ ከኋላው ይደበቃል። ሰልባቲዮውን ቀባ። ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ ብታቆማት ሰው ይሰበሰባል።

አይ፣ ልቤ ካፌ ሬሰር ላይ ነው ካልክ ደግሞ በቡሎን የሚገጠመውን ብቻ አድርግ። ትንሽ ዝቅ የሚል አንድ ወጥ መሪ፣ ባለ ጉብታ ወንበር በነባሩ ሻንሲ ላይ፣ ፓራፋንጎውን አጠር ማድረግ። ሁሉም ይፈታል፣ ሁሉም ይመለሳል። የትኛውንም መሪ ብትገጥም ግን ከመንገድ በፊት አንድ ነገር ፈትሽ። ሞተሯን አስነሳና ጋዝ ሳትሰጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙር። ድምፁ ከጨመረ የጋዙ ኬብል አጥሯል ማለት ነው፣ ኩርባ ላይ ራሱ ጋዝ ይሰጥብሃል። ኬብሉን ሳትቀይር ከግቢ አታውጣት።